ለእርዳታ እደላ ምን እንያዝ? መዝገብ፣ ኤክሴል፣ ኮቦ ወይስ ሳሃና

ደብረ ብርሃን ላይ ተፈናቃዮችን የሚረዱ እድሮችና ማኅበራት «ለምዝገባና ለእደላ የትኛውን ሲስተም እንያዝ?» እያሉ ይጠይቁኛል። መዝጋቢም ሆኜ፣ መጋዘንም ይዤ ስለሠራሁ ያየሁትን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ መመዘኛው። እኛ አገር ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው «ኔትወርክና መብራት ሲጠፋ ይሠራል ወይ?» ነው። በ2015 ክረምት ክልላችን ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። መንዝ ውስጥ ገጠር ቀበሌ ስትገቡ ደግሞ በደህናው ቀንም ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ትወጣላችሁ።

የወረቀት መዝገብ ባትሪ አይፈልግም፣ ማንም ይጽፍበታል። ግን አንድ ቀን ከጣርማበር በታች በጭጋግ ስናድል መዝገባችን ረጠበ። ቀለሙ ፈሶ ሁለት ገጽ ሙሉ ስም ጠፋ። አንዲት እናት ኩንታሉ አጠገብ ቆመው «ልጄ፣ ባለፈው አንተው አይደለህ የጻፍከኝ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ ስማቸውን ግን ከየት ላምጣው? ኮሚቴው እስኪያጣራ እስከ ማታ ተቀመጡ። ያ ቀን እስካሁን ይከነክነኛል።

ኤክሴልን ለመጋዘን እወደዋለሁ። የተለመደው የወር ራሽን ለአንድ ሰው 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና 0.45 ኪሎ ዘይት ነው። አምስት ሰው ላለበት ቤት እህሉ ብቻ 75 ኪሎ ይመጣል። 400 ኩንታል የጫነ ተሳቢ ለስንት እንዲህ ያለ ቤት ይበቃል? ለ533። ኤክሴል ይህን በአፍታ ያወጣላችኋል፤ ገቢና ወጪውንም ያመዛዝናል። ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል።

ለስም ፍለጋ ግን ያስቸግራል። አንዱ «ፀሐይ» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «ጸሀይ»። ለኤክሴል ሁለት ሰው ናቸው። ስለዚህ አንዷ ሴት ሁለቴ ትመዘገባለች፣ ወይም ስትፈለግ ትጠፋለች። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ቁጥር መስጠትና ሁልጊዜ በቁጥሩ መፈለግ ነው። ሌላው ችግር ፋይሉ በፍላሽ ከሰው ሰው ሲዞር የትኛው የመጨረሻው እንደሆነ መጥፋቱ ነው። ኤክሴል ከያዛችሁ ፋይሉን አንድ ሰው ብቻ ይያዘው።

ኮቦ በስልክ ፎርም እየሞላችሁ የምትመዘግቡበት ሲስተም ነው፤ ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሰብዓዊ ጉዳይ ማዕከል የወጣ ነው። ለበጎ አድራጎት ሥራ ወርሃዊ ገደብ ያለው ነጻ አገልግሎት ይሰጣል። ፎርሙን ኢንተርኔት ባለበት ታዘጋጃላችሁ፣ አንድሮይድ ስልክ ላይ ታወርዳላችሁ። ከዚያ ያለ ኔትወርክ ትመዘግባላችሁ፤ ከተማ ስትገቡ ይላካል። በካሜራው ራሽን ካርድ ላይ ያለውን ኪውአር ኮድ ያነባል። ደስ የሚለኝ ደግሞ አፑ ላይ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሙላት መቻሉ ነው። ሲላክ ግን ወደ ፈረንጅ ስለሚቀየር ሪፖርት ስትሠሩ ልብ በሉ።

ጉድለቱን ሳልናገር ብቀር ደግሞ እንዳሳሳትኳችሁ ይቆጠራል። ኔትወርክ በሌለበት ሁለት ስልኮች አይተዋወቁም። እዚህ ሰልፍ የወሰደ ሰው እዚያኛውም ሰልፍ ሊወስድ ይችላል፤ የሚታወቀው ማታ ዳታው ሲገናኝ ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ስልክ የራሱን ቀበሌ ወይም ከቁጥር እስከ ቁጥር ስጡት፤ ካርዱንም በዕለቱ ምልክት አድርጉበት። ኮቦ የመጋዘን ሲስተምም አይደለም። ለእሱ ኤክሴሉ ይቆይ።

ኦዲኬ የኮቦ ታላቅ ወንድም ነው፤ ኮቦ የተሠራው በእሱ ላይ ነው። ዳታውን በራሳችሁ ሰርቨር ማስቀመጥ ከፈለጋችሁና ባለሙያ ካላችሁ እሱ ይመረጣል።

ሳሃና የአደጋ ጊዜ እርዳታን ማስተባበሪያ ሶፍትዌር ነው፤ የተወለደው በ1997 ስሪላንካን ከመታው ሱናሚ በኋላ ነው። መጋዘን፣ መጠለያ፣ የእርዳታ ጥያቄ፣ ሁሉን በአንድ ይይዛል። ሶፍትዌሩ ነጻ ነው። ግን ሰርቨርና የማይጠፋ ቴክኒሻን ይፈልጋል። ለዞን ደረጃ ይሆናል፤ ለእድር ይከብዳል። የወርልድ ቪዥኑ የእደላ ሲስተም ኤልኤምኤምኤስም እንደዚያው ለትልልቅ ድርጅቶች ነው፤ ባርኮድ ያለበትን ካርድ አንብቦ ለቤተሰቡ የሚደርሰውን ራሱ ያሰላል።

እንግዲህ የእኔ ምርጫ ይህ ነው። እስከ ሁለት መቶ ቤተሰብ ከሆነ መዝገብና ኤክሴል ይበቃችኋል፤ ገንዘባችሁን ለዱቄት አውሉት። ከዚያ በላይ ከሆነ ኮቦ፣ በላስቲክ የታሸገ ካርድና ለመጠባበቂያ የታተመ ዝርዝር ያዙ። ደህና ካሜራ ያላቸው ሁለት ስልኮችና ሁለት ፓወር ባንክ ግዙ። የደብረ ብርሃን ብርድ ባትሪ ቶሎ ስለሚጨርስ ስልኩን ኮት ውስጥ ያዙት።

መዝገብ የማይታመን ሲሆን ዋጋውን የሚከፍለው የተራበው ነው። ሰኔ 2015 ላይ ዩኤስኤይድና የዓለም ምግብ ፕሮግራም እህሉ ለተረጂው አልደረሰም ብለው እደላውን በአገር ደረጃ ሲያቆሙ አይተነዋል። ያው ዝርዝር ደግሞ በሌላ እጅ ከገባ ሰውን አደጋ ላይ ይጥላል። የተፈናቃዮችን ስም በቴሌግራም አትላኩ፤ ስልኩም ይቆለፍ።

የመረጣችሁትን ሲስተም ከዋናው እደላ ቀን በፊት በሃያ ቤተሰብ ሞክሩት። የሞባይል ዳታውን ዝጉና ከጠዋት እስከ ማታ እየመዘገባችሁ አድሉ። ማታ ላይ ስልኩ «ተሰጠ» የሚለውንና መጋዘን የቀረውን አመሳክሩ። አንድ ኩንታል እንኳ ከተለያየ፣ የት እንደጠፋ ሳታገኙ ወደ ዋናው እደላ አትግቡ።