ደሴና ኮምቦልቻ ክሬን የምትከራዩ፣ ይህን ሰው ጥሩ

ሰላም ቤተሰብ። አንድ የክሬን ኦፕሬተር ልጠቁማችሁ፣ በዚያውም በአደባባይ ላመስግነው።

ሥራችን ከጦሳ ተራራ ሥር ነው። ከሰዓት ነፋሱ እንዴት እንደሚነሳ የሰፈሩ ሰው ያውቀዋል። የጣሪያውን ብረት ጠዋት ያለ ችግር አወጣልን። ቆርቆሮው ላይ ስንደርስ ግን ነፋሱ መጣ፣ እሱም ሥራውን አቆመ። ፎርማኑ «ያን ሁሉ ብረት ያነሳ ክሬን ቆርቆሮ ያቅተዋል?» ብሎ ጮኸበት። ሰውየው አልተቆጣም። «አብሽር ወንድሜ፣ እኔን ያሳሰበኝ ክብደቱ ሳይሆን ስፋቱ ነው» አለው።

ከዚያ ቁጭ ብሎ አስረዳን። ቆርቆሮ ቀላል ቢሆንም ሰፊ ስለሆነ ነፋስ ይይዘዋል፤ ባዶ ሮቶም ያው ነው። የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። መሬት ላይ ቀለል ያለው ነፋስ ከፍ ሲል ይበረታል፣ ለዚህ ነው የነፋስ መለኪያውን የክሬኑ ክንድ ጫፍ ላይ ያሰረው። ነፋስ ከክሬኑ ኋላ ከመጣ ጭነቱን ወደ ውጭ ይገፋዋል፣ ጭነቱ በራቀ ቁጥር ደግሞ ክሬኑ የሚችለው ክብደት ይቀንሳል። ከጎን ሲመታ የባሰ ነው፤ ክንዱ ለጎን ግፊት አልተሠራም፣ ጋቢና ውስጥ ያለው የክብደት ማሳያም ይህን አይነግርህም። ከስንት ፍጥነት በላይ መሥራት እንደማይቻል የአምራቹ ሰንጠረዥ ላይ ተጽፏል፤ ሰፊ ነገር ሲያነሳ እሱ ከዚያም ቀደም ብሎ ያቆማል።

ክንዱን እንደቆመ ትቶ አልሄደም፣ አውርዶ ሰብስቦት ነው የሄደው። በማግስቱ ገና በማለዳ መጣ። የክሬኑ እግሮች ሥር ወፍራም ጣውላ አነጠፈ፣ ቆርቆሮውን ከፋፍሎ በትንሽ በትንሹ አሰረ፣ በሁለቱም ጫፍ ገመድ አድርጎ ረዳቶቹ ከመሬት እየያዙ እንዳይሽከረከር አደረጉ፣ ሥሩ ደግሞ ሰው እንዳያልፍ ከለከለ (የጎረቤት ልጆች ሊያዩ ተሰብስበው ስለነበር ይሄ በጣም ደስ አለኝ)። ረፋድ ላይ አለቀ።

ዋጋው ርካሽ አይደለም። ነፋስ ላስቆመበት ሰዓትም ያስከፍላል፣ እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነው የከፈልኩት፤ ጣሪያው ላይ ሆነው ቆርቆሮውን የሚቀበሉት የሰው ልጆች ናቸው። አላህ ጤናና ዕድሜ ይስጠው፣ ረዳቶቹንም ጭምር።

ኮምቦልቻም ሐይቅም ድረስ ይሄዳል። ስትይዙት ለጠዋት ያዙት፣ የምታስነሱትን ዕቃ ክብደቱን ብቻ ሳይሆን ስፋቱንም ንገሩት። ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ።