ለፀጉር ሠሪዬና ለሐኪሜ የዘገየ ምስጋና

ይህን ምስጋና ልጽፍ ካሰብኩ ወራት አልፈዋል። መጀመሪያ ፀጉሬ ይብቀል፣ ጉልበቴም ይመለስ፣ ከዚያ በሙሉ ልቤ እመሰክራለሁ ብዬ ነው የቆየሁት። አሁን ሁለቱም ስለሆኑልኝ እነሆ።

ነገሩ የተጀመረው አንድ እሁድ ቡና ላይ ነው። አራት ጓደኛሞች ተሰብስበናል። አንዷ የመጣችው በቀጥታ ከፀጉር ቤት ነበር። ሻሿን አላወልቅም ብላ ተቀመጠች። «ምን ሆነሽ ነው?» ስንላት «ጫፉን ብቻ አስተካክዪልኝ ብያት ጆሮዬ ላይ አደረሰችው» አለችና እንባዋ መጣ። ያን ጊዜ ሁላችንም የየራሳችንን ብሶት ዘረገፍነው።

አራታችንም ፀጉራችን ጥቅልል ነው። ስለዚህ ታሪኩ ይመሳሰላል። ገና ወንበሩ ላይ ሳትቀመጪ «ውይ፣ ይሄ ፀጉር ጉልበት ይጨርሳል» ትባያለሽ። ሪላክሰር (ፀጉር የሚያለሰልስ ኬሚካል) ካልተቀባሽ አልሠራሽም የምትልም አለች። እርጥቡን በሚዶ ወጥራ ይዛ በመስመር ትቆርጠዋለች፤ እቤት ገብተሽ ሲደርቅ ግማሹ ወደ ላይ ይሰበሰባል፣ አንዱ ጎን ከሌላው ይረዝማል። ካስክ ውስጥ ሆነሽ ራስሽ እየተቃጠለ «ትንሽ ቻይው» ትባያለሽ። እኔ በእህቴ ሠርግ ዋዜማ እንዲህ ተደርጌ፣ በማግስቱ ሂውማን ሄር አጥልቄ ነው ሚዜ የሆንኩት። ፎቶውን ዛሬም ማየት አልወድም።

ወሬው ከፀጉር ወደ ሐኪም ቤት እንዴት እንደዞረ አላስታውስም። አንዷ ሁለት ዓመት ሙሉ ሆዷን ሲያማት «ጨጓራ ነው» እየተባለች ክኒን ብቻ ይዛ ትመለሳለች። ሆዷን በእጁ ነክቶ ያየ ሐኪም የለም። የእኔም ተራ ደረሰ። ከዓመት በላይ ድካም ነበረብኝ። ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታል። የወር አበባዬ ስምንት ቀን ይቆያል፣ ይበዛልም። ፀጉሬ ስታጠብ በእፍኝ ይወጣል። ሦስት ቦታ ታይቻለሁ። አንዱ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ «ደምሽ ኖርማል ነው፣ ጭንቀት ነው» አለኝ። ሌላው «ስታገቢና ስትወልጂ ይተውሻል» ብሎ ቀጣዩን አስጠራ። ከዚያ ወዲህ ሕመሜን ለሰው መናገር አፍሬ ነበር።

ፀጉር ቤትም ሐኪም ቤትም ያስመረረን አንድ ነገር ነው። ሳይጠይቁን ይወስናሉ።

ዝም ብላ ስትሰማን የቆየችው አራተኛዋ «እኔን የምትሠራኝ ልጅ ጋ እወስድሻለሁ» አለችኝ። ያቺ ልጅ ናት የዛሬው ምስጋናዬ ባለቤት።

የምትሠራው ገርጂ አካባቢ፣ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ውስጥ ነው። ክፍሏ ጠባብ ናት፣ ሁለት ወንበር ብቻ አላት። ቀጠሮ ስትይዝልኝ «ቤትሽ ታጥበሽው፣ በራሱ ጊዜ ደርቆ ነይ። ቅቤም ቅባትም አትቀቢው፣ አታበጥሪውም። ፀጉርሽ በተፈጥሮው እንዴት እንደሚተኛ ማየት አለብኝ» አለችኝ። እንዲህ ያለኝ ፀጉር ሠሪ ገጥሞኝ አያውቅም።

ስሄድ መቀስ ከማንሳቷ በፊት ጠየቀችኝ። መጨረሻ ኬሚካል የተቀባሽው መቼ ነው? በአዘቦት ቀን እንዴት ነው የምትይዥው? ስትተኚ ትሸፍኚዋለሽ? ስንት ጊዜ ትተኮሻለሽ? ከዚያ በጣቶቿ ከፋፈለችው። ከማጅራቴ በኩል ጥቅልሉ ላላ ያለ ነው፤ መሀል አናቴ ላይ ግን እንደ ጥብቅ ሞላ ነው። ለካ አንድ ራስ ላይ ያለ ፀጉር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም! እርጥብ ሲሆን ሁሉም ይለጠጥና እኩል ይመስላል፤ ሲደርቅ ግን ጥብቁ ከላላው ይበልጥ ይሰበሰባል። እርጥቡን በመስመር የቆረጠች ሴት ታዲያ ምን እንደቆረጠች አታውቅም ማለት ነው። እሷ ደረቁን፣ አንድ አንድ ጥቅልል እየያዘች ቆረጠችው። በየመሀሉ በጣቷ እያሳየች «ይህን ያህል ይቀነስ?» ትለኛለች። ሁለት ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። አልሰለቸኝም።

እየሠራች ታስረዳለች፣ ያውም ሳትኮራ። ከራስ ቆዳችን የሚወጣው የተፈጥሮ ቅባት ቀጥ ባለ ፀጉር ላይ በቀላሉ ይወርዳል፤ በጥምዝምዙ ላይ ግን እስከ ጫፍ አይደርስም። ጥቅልል ፀጉር ቶሎ የሚደርቀውና የሚሰበረው ለዚህ ነው። ስለዚህ ኮንዲሽነር ቀብታ፣ ጥርሱ ሰፊ በሆነ ሚዶ፣ ከጫፍ ጀምራ ወደ ላይ ነው የምትፈታው። ሪላክሰር የሚፈልግ ደንበኛ ቢመጣባትም አትቆጣም። የፀጉሩን ውስጣዊ ማያያዣ እንደሚበጥሰው፣ አንዴ ከተበጠሰ ደግሞ የተቀባው ክፍል ወደ ነበረበት እንደማይመለስ፣ አዲስ የሚበቅለውን መጠበቅ እንደሚያስፈልግ ትነግራታለች። ምርጫው የደንበኛዋ ነው።

ስለ ሹሩባም ጠይቄያት ነበር። እኔ ሹሩባ እወዳለሁ፤ አያቴ በረንዳ ላይ አስቀምጣ ስትሠራኝ ነው ያደግኩት። ተዪ አላለችኝም። «ሲሠራሽ ካመመሽ ወይም ግንባርሽ ዳር ብጉር የመሰለ ነገር ካወጣሽ ጠብቋል ማለት ነው፤ አስፈቺው» አለችኝ። ለዓመታት እየተጎተተ የሚሠራ ሹሩባ የግንባሩን ፀጉር ከሥሩ ሊያጠፋው ይችላል። ሴት ልጅ ያላችሁ ይህችን ልብ በሉልኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ልትጨርስ ስትል እጇን አቆመች። «እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ግን እንዳትቀየሚኝ» አለችኝ። ልብሴ ላይ የወደቀውን ፀጉር አንስታ አሳየችኝ። ጫፉ ላይ ነጭ ፍሬ የመሰለች ነገር አለች። «ይሄ የተሰበረ አይደለም፤ ከሥሩ የወጣ ነው። በቀን ከሃምሳ እስከ መቶ ፀጉር መርገፉ ያለ ነው። የአንቺ ግን በዝቷል። ድካም ይሰማሻል?» አለችኝ።

አለቀስኩ። ሦስት ሐኪም ያልጠየቀኝን ፀጉር ሠሪዬ ጠየቀችኝ። እሷም ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። የወር አበባዬን፣ ልብ ምቴን፣ የተባልኩትን ሁሉ ሰማችኝ። ከዚያ «እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ይሄ ነው ብዬ ልነግርሽ አልችልም። ግን አንዲት የምትሰማ ሐኪም አውቃለሁ» ብላ የሐኪሟን ስልክ ጻፈችልኝ። በሳምንቱ ደግሞ ደውላ «ሄድሽ ወይ?» አለችኝ።

ሄድኩ። ዶክተሯ በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት ናቸው። «ከመጀመሪያው ንገሪኝ ልጄ» አሉኝና እስክጨርስ አላቋረጡኝም። በቀን ስንት ሞዴስ ትቀይሪያለሽ? ሌሊት ተነስተሽ ትቀይሪያለሽ? የረጋ ደም ይወርድሻል? አፈር ወይም በረዶ መብላት ያምርሻል? የመጨረሻው ጥያቄ አስደነገጠኝ። ዝናብ የመታው አፈር ሽታ አፌን ምራቅ የሚሞላው ከዓመት ወዲህ ነበር፤ ለማንም አልተናገርኩም። የብረት እጥረት ያለበት ሰው ላይ የሚታይ ነገር እንደሆነ ነገሩኝ። የዓይኔን የታችኛውን ሽፋን ገልጠው አዩ፣ ጥፍሬን አዩ፣ ሆዴን በእጃቸው ዳሰሱ።

የድሮውን ወረቀቴንም በትዕግሥት አነበቡት። ሄሞግሎቢኔ፣ ማለትም ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር፣ 12.4 ይላል። ለሴት 12 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ደህና ተብሎ ይታለፋል። ይህ መነሻ ግን ለቆላ ሰው የተቀመጠ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነው ያለችው። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ ሰውነታችን ተጨማሪ ሄሞግሎቢን ይሠራል፤ ስለዚህ ለእኛ መነሻው ከ1 በላይ ከፍ ማለት አለበት። የእኔ «ኖርማል» እዚህ ከተማ ላይ ኖርማል አልነበረም።

ፌሪቲን የሚባል ምርመራም አዘዙልኝ። ሰውነት ያስቀመጠውን የብረት ክምችት የሚያሳይ ነው። ከ15 በታች ከሆነ እጥረት ነው፤ የእኔ 6 ሆኖ ተገኘ። በአልትራሳውንድ ደግሞ ማህፀኔ ውስጥ ማዮማ የሚባል እጢ ታየ። ደሜን ሲያፈስሰው የኖረው እሱ ነበር። ካንሰር አለመሆኑን፣ ብዙ ሴቶች ላይ እንደሚገኝ፣ ለጊዜው ቀዶ ጥገና እንደማያስፈልገኝ በወረቀት ላይ ሥዕል ሥለው አስረዱኝ። የወር አበባዬን ደም የሚቀንስ መድኃኒትና የብረት ክኒን ጀመርኩ። ክኒኑን ከብርቱካን ጋር እንድወስድ፣ ሰገራዬ ቢጠቁር እንዳልደነግጥ ነገሩኝ። ቡና አቁሚ አላሉኝም፤ ከክኒኑና ከምግቡ አርቂው አሉኝ። እንዲህ ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ ሕመሜ ስም አገኘ። ያን ቀን ከክሊኒኩ ስወጣ መንገድ ላይ ቆሜ እማዬ ጋ ደወልኩ።

አሁን ስምንት ወር ሆኖኛል። ቢሮዬ አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሳላርፍ እወጣዋለሁ። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው የሚያድገው፣ ስለዚህ ትዕግሥት ጠይቋል። ግን ግንባሬ ዳር አዲሱ በቅሎ ጥቅልል ማለት ጀምሯል። ፀጉር ሠሪዬ ስታየው እልል ነው ያለችው።

ለመሄድ ለምታስቡ ጥቂት ነገር ልበል። ልጅቷ በቀን ጥቂት ሰው ነው የምትይዘው፣ ያለ ቀጠሮ አትሂዱ። የሚቸኩል ሰው እሷ ጋ አይሆንለትም። ስልክ ቶሎ አታነሳም፤ መልእክት ላኩላት፣ ማታ ትመልሳለች። ዶክተሯ ጋም ወረፋው ረጅም ነው፣ ምክንያቱም ለእያንዳንዱ ሰው ጊዜ ይሰጣሉ። የቆየ የላብራቶሪ ውጤታችሁን በሙሉ ይዛችሁ ሂዱ፤ «ኖርማል» የተባለውንም ጭምር። ሁለቱም ስማቸው እዚህ እንዲወጣ አልፈለጉም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ሳልሰለች አደርሳችኋለሁ።

የኔ እናት፣ ፀጉር ሠሪዬ፣ ይህን እንደምታነቢው አውቃለሁ። ያን ቀን «እንዳትቀየሚኝ» ብለሽ ስለጠየቅሽኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዶክተር፣ እርስዎንም ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ሻሿን አላወልቅም ያለችው ጓደኛዬ ፀጉሯ አሁን አገጯ ጋ ደርሷል። ቅዳሜ 4 ሰዓት ላይ ሁለታችንም ቀጠሮ አለን።