ደብልዩአርኤክስ ላይ የጭቃ ላስቲክ፦ ከአንድ ሙሉ የበረዶ ወቅት በኋላ

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጠው። አሸዋና በረዶ በሚበዛበት ቦታ ሱባሩ ደብልዩአርኤክስ የምትነዱ ከሆነ ከጎማው ጀርባ የሚንጠለጠለውን የጭቃ ላስቲክ ግጠሙ። ነገር ግን ከላስቲኩ በፊት ከሥሩ፣ የመኪናው ቀለም ላይ የሚለጠፈውን ግልጽ ሽፋን ግዙ። ያለ ሽፋን የተገጠመ ላስቲክ አንዱን ጉዳት ያስቀርና ሌላውን ያመጣል። ይህን ሳይነግሩን ላስቲኩን ብቻ የሚሸጡልን ብዙ ናቸው፤ ለዚህም ነው ቁጭ ብዬ የጻፍኩት።

የምኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ውስጥ ነው። መኪናዬ የ2022 ሞዴል ነው። 2.4 ሊትር ቱርቦ ሞተር፣ 271 የፈረስ ጉልበት፣ ስድስት ማርሽ፣ አራቱም ጎማ የሚጎትት። በሳምንቱ ቀናት ወደ ሥራ እነዳዋለሁ፤ እረፍት ሳገኝ አይ-70 የተባለውን አውራ ጎዳና ይዤ ወደ ተራራው እወጣለሁ። በጣም የምወደው መኪና ነው። ቀለሙ በጠጠር ሲበሳሳ ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም።

ችግሩ የሚጀምረው ከጎማው ነው። ፋብሪካው የሰጠው 245/40 ባለ 18 ኢንች የበጋ ጎማ ሰፊ ነው፤ ሲሞቅ ደግሞ ይለሰልስና የረገጠውን ደቃቅ ጠጠር ሁሉ ያነሳል። መኪናው ወደ ፊት ሲሄድ የጎማው የኋላ ጎን የሚዞረው ወደ ላይ ነው። ስለዚህ ጠጠሩ ከጎማው ሲለቅ ወደ ኋላና ወደ ላይ ይወረወራል። ከፊት ጎማ የተነሳው የበሮቹን ታችና የኋላውን ፓራፋንጎ ፊት ለፊት ይመታል። የኋላው የባምፐሩን ጥግ ያገኘዋል። በዚህ ሞዴል የጎማው ዙሪያ ጥቁር ፕላስቲክ አለው፤ ብዙ ሰው መልኩን አይወደውም እንጂ ለጠጠር ጥሩ ነው። ይሁን እንጂ ከፕላስቲኩ በላይና ከኋላው ያለው ባለቀለም ክፍል እንደተጋለጠ ነው።

በዚያ ላይ የኮሎራዶ መንገድ አለ። በበረዶ ወቅት ማግኒዥየም ክሎራይድ የሚባል በረዶ የሚያቀልጥ ፈሳሽ ጨው ይረጫል፤ አቀበቱና መታጠፊያው ላይ ደግሞ አሸዋና ጠጠር ይበተናል። በረዶው ቀልጦ ሲሄድ ጠጠሩ እዚያው አስፋልት ላይ ይቀራል። ወደ አይዘንሃወር ዋሻ ስትወጡ፣ ከፍታው ወደ 3,400 ሜትር ሲጠጋ፣ የመኪናው ሆድ በጠጠር ሲደበደብ ይሰማችኋል።

ላስቲኮቹ የተሠሩት 4 ሚሊሜትር ከሚወፍር ፖሊዩሬቴን ከሚባል ተጣጣፊ ፕላስቲክ ነው። አራቱ ከነብሎናቸው ከ200 ዶላር ብዙም አልራቁም። በግማሽ ዋጋ ደረቅ ፕላስቲክ ይገኛል፤ እዚህ አገር ግን አልመክረውም። ዴንቨር አካባቢ ብርዱ ሲከፋ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ይደርሳል። ደረቅ ፕላስቲክ በዚያ ብርድ ከግግር በረዶ ጋር ሲጋጭ ይሰነጠቃል፣ ፖሊዩሬቴን ግን ይታጠፍና ይመለሳል። የኔዎቹ ብዙ ጊዜ ታጥፈዋል፣ አንዱም አልተሰነጠቀም።

ገጠማው ልዩ ባለሙያ አይፈልግም። ካቻቪቴ፣ የ10 ቁልፍ፣ የፕላስቲክ ክሊፕ ማውጫና ትዕግሥት ይበቃል። ለፊተኞቹ መሪውን እስከ መጨረሻው ማዞር በቂ ነው፤ እጅ ይገባል። ለኋለኞቹ መኪናውን በክሪክ አንስቶ፣ መደገፊያ ከሥሩ አድርጎ ጎማውን ማውጣት ይሻላል። ጎማው ሲመለስ ብሎኖቹን በቶርክ ቁልፍ 120 ኒውተን ሜትር ላይ አጥብቁ፤ በግምት አትተዉት።

ከመጀመሬ በፊት ሰፈራችን ጋራዥ ያላቸውን አንድ ሽማግሌ አማክሬ ነበር። አገር ቤት በነበሩበት ጊዜ ብዙ ዓመት የጭነት መኪና ላይ ሠርተዋል። ላስቲኩን አገላብጠው አዩና «ትራፓኖ ይዘህ ብረቱ ጋ እንዳትጠጋ ልጄ» አሉኝ። «ፕላስቲኩን ብትበሳ ግድ የለም። ብረት ከበሳህ ግን ጨው በዚያ ይገባና ከውስጥ ይበላዋል።» እውነታቸውን ነው። ማግኒዥየም ክሎራይድ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ መንገዱ ደርቆ እንኳ የተደበቀ ቦታ ላይ እንደረጠበ ይቆያል። እኔም ፋብሪካው በተዋቸው ቀዳዳዎችና በፕላስቲኩ ክፍል ብቻ ተጠቀምኩ። ብሎኖቹና ሮንዴላዎቹ የማይዝጉ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ላስቲኩ ከመኪናው ገላ ጋር የሚነካካበት ጠርዝ አለ። ስትነዱ ይንቀጠቀጣል። በመሃል ደቃቅ አሸዋ ይገባል። አሸዋው እዚያ ተይዞ በየቀኑ ቀለሙን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍገዋል። ተመሳሳይ መኪና ያለው ወዳጄ ላስቲኩን ያለ ሽፋን ነበር የገጠመው። በረዶው ሲያልቅ ሲያወልቀው የኋላው ፓራፋንጎ ጠርዝ ቀለሙ ተልጦ ከሥር ያለው ግራጫ ወጥቶ ነበር። ለኔ የተረፈልኝ ከገጠማው በፊት ፒፒኤፍ የሚባለውን ግልጽ ሽፋን በአራቱም ቦታ ስለለጠፍኩ ነው። ቦታውን በደንብ ማጠብ፣ በአልኮል መወልወል፣ ማድረቅ፣ ከዚያ ቆርጦ መለጠፍ። ቁራጩ ትንሽ ስለሆነ ወጪው አይጎዳም። ወቅቱ ሲያልፍ ላስቲኮቹን አወለቅኳቸው። ሽፋኑ ፈዞ፣ ተጫጭሮ አገኘሁት። ሽፋኑን ስልጠው ቀለሙ እንደ አዲስ ነው። አዲስ ለጥፌ መልሼ ገጠምኩ።

ጠጠሩንስ አስቀረ? አዎ፣ በግልጽ። የበሮቹ ታችና የኋላው ፓራፋንጎ ከገጠማው በኋላ አዲስ ነጥብ አላወጡም ማለት ይቻላል። የፊት ባምፐሩና ኮፈኑ ግን እንደበፊቱ ናቸው፤ እዚያ የሚመታችሁ ከፊታችሁ ያለው መኪና የሚወረውረው ጠጠር ነው፣ የናንተ ላስቲክ ምንም አያደርግለትም። የኋላ መስታወቱና ካሜራውም መቆሸሻቸውን አልተዉም። ያን ቆሻሻ የሚያመጣው ከመኪናው ጀርባ የሚሽከረከረው አየር ነው። ላስቲክ ገጥሞ ንጹሕ የኋላ ካሜራ የሚጠብቅ ሰው ያዝናል።

ከላስቲክ ጋር መኖር በበረዶ ጊዜ ሥራ አለው። እርጥብ በረዶ በጎማውና በላስቲኩ መካከል ይጠቀጠቅና ሌሊቱን ድንጋይ ይሆናል። ጠዋት መሪውን ስታዞሩ ጎማው ሲፈገፍገው ይሰማል። ከመነሳታችሁ በፊት በእግር ቀስ ብላችሁ ምቱት። የበረዶው ክብደት ብሎኖቹንም ይጎትታል። ለዚህ ነው ታችኛውን ማያያዣ በብሎን ሳይሆን በፕላስቲክ ክሊፕ ያደረግኩት። ከባድ ነገር ሲጎትተው ክሊፑ ይለቃል፣ ባምፐሩ አይቀደድም። የአንድ ክሊፕ ዋጋና የአንድ ባምፐር ዋጋ አይገናኙም።

ሌላው ጥንቃቄ ወደ ኋላ ሲነዳ ነው። በዚያን ጊዜ የጎማው የኋላ ጎን የሚዞረው ወደ ታች ነው። ላስቲኩ የፓርኪንግ ድንጋይ ወይም የበረዶ ክምር ነክቶ ወደ ጎማው ከተገፋ ጎማው ይዞት ወደ ሥር ይጎትተዋል። ብዙ ላስቲክ የሚቀደደው በፍጥነት ሳይሆን እንዲህ ቀስ ብሎ ፓርኪንግ ውስጥ ነው። እኔ አሁን ሁልጊዜ በአፍንጫው አስገባለሁ፤ ስወጣም በረዶ ካለ መጀመሪያ እጠርገዋለሁ።

እዚህ ላይ ስለ ርዝመቱ ልናገር። አገር ቤት የጭቃ ላስቲክ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን አይሱዙና ሲኖትራክ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ሀበሻ ወዳጆቼ «ለምን በዚህ መኪና?» ይሉኛል። በዚህ መኪና ላይ ግን የራሊ ታሪክ ስላለው ነው። ሱባሩ ደብልዩአርኤክስ በተወለደበት በኢምፕሬዛ ሞዴል ከ1995 እስከ 1997 በተከታታይ የዓለም ራሊ የአምራቾች ሻምፒዮን ሆኗል። ጎረቤታችን ኬንያ የሚካሄደውን የሳፋሪ ራሊ በ1997 የራሊ ነጂው ኮሊን ማክሬይ ያሸነፈው በዚሁ መኪና ነው። በራሊ ሕግ ላስቲኩ ቢያንስ 4 ሚሊሜትር መወፈር አለበት፤ ባዶ መኪና ሲቆም የታችኛው ጫፍ ከመሬት ከ10 ሴንቲሜትር በላይ ከፍ ማለት የለበትም። ለራሊ ትክክል ነው። ለከተማ ግን ያን ያህል ዝቅ ያለ ላስቲክ በየፓርኪንጉ ይያዛል። ጥቂት ከፍ ያለ፣ ነገር ግን የጎማውን ሙሉ ስፋት የሚሸፍን ይሁን። ከርዝመት ይልቅ ስፋቱን ተመልከቱ፤ ጎማው ከጎን ወጥቶ የሚታይ ከሆነ ጠጠሩ በዚያ ያመልጣል። በበረዶ ወቅት የምገጥመው 235/45 ባለ 17 ኢንች ጎማ ጠበብ ስለሚል ላስቲኩ በደንብ ይሸፍነዋል።

በአይ-70 ምሥራቅ፣ በ75 ማይል ፍጥነት፣ ላስቲኮቹ ወደ ኋላ ይታጠፋሉ። የጎን ንፋስ ሲበረታ ትንሽ ድምፅ አለ። በቤንዚን ፍጆታ ላይ ልዩነት አላየሁም። ሃይ ፕሌንስ ወደሚባለው የመኪና ውድድር ሜዳ ልነዳ ስሄድ ግን አወልቃቸዋለሁ፤ እዚያ ጥቅም የላቸውም። ብሩሽ ያለው የመኪና ማጠቢያም አይስማማቸውም፤ በግፊት ውሃ እጠቡ፣ ውሃውን ከላስቲኩ ጀርባም አስገቡት።

መኪናችሁ ከዳላስ ወይም ከሎስ አንጀለስ አስፋልት የማይወጣ ከሆነ ገንዘቡን ለፊት ባምፐርና ለኮፈን ሽፋን አውሉት። ተራራ የምትወጡ ከሆነ ግን በበጋ መጨረሻ ግጠሙት፤ በብርድ ሽፋኑ በደንብ አይጣበቅም፣ ጣትም አይታዘዝም። ከመሣሪያ ሳጥናችሁ ውስጥ ጥቂት ትርፍ ክሊፖችና ለአራቱ ጠርዞች የሚበቃ ቁራጭ ሽፋን ይኑር። በየዓመቱ የሚለወጡት እነሱ ናቸው።