ኒው ዚላንድ፦ ሰሜን ደሴት ይሻላል ወይስ ደቡብ?

ኒው ዚላንድ በካርታ ላይ ትንሽ ስለምትመስል ብዙ ሰው በአሥር ቀን ሁለቱንም ደሴት አዳርሳለሁ ብሎ ያቅድና ዕረፍቱን መሪ ጨብጦ ይጨርሰዋል። ከኦክላንድ እስከ ዌሊንግተን 640 ኪሎ ሜትር፣ ከክራይስትቸርች እስከ ኩዊንስታውን 480 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከትልልቅ ከተሞች ዙሪያ በስተቀር መንገዱ በየአቅጣጫው አንድ መስመር ብቻ ያለው ጠመዝማዛ ነው፤ የስልክዎ ካርታ ስድስት ሰዓት ካለዎት ስምንት ብለው ይያዙት። ከሁለት ሳምንት ያነሰ ጊዜ ያለው ሰው አንዱን ደሴት መርጦ በደንብ ቢያየው ይሻለዋል። የትኛውን እንደሚመርጡ ለመወሰን መጀመሪያ የሚሄዱበትን ወር ይዩ።

ወሩ

የእነሱ በጋ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው፤ የእኛ ገና እዚያ የሚውለው በፀሐዩ መሐል ነው። ከፈረንጆቹ ገና እስከ ጥር መጨረሻ ግን የአገሬው ሰው ራሱ ዕረፍት ስለሚወጣ ማደሪያም መኪናም ይወደዳል። የሚመረጠው የካቲትና መጋቢት ነው፦ አየሩ የተረጋጋ፣ ትምህርት ቤት የተከፈተበት ጊዜ።

አሜሪካና አውሮፓ የሚኖር ሰው ዕረፍቱ ሐምሌ ላይ ከሆነ የሚያርፈው በእነሱ ብርድ ወቅት መሆኑን አይርሳ። ያን ጊዜ ሰሜኑን ይምረጥ። የሮቶሩዋ ፍል ውሃ በብርድ ጊዜ እንዲያውም ይጥማል፤ መንገዶቹም አብዛኛውን ጊዜ ክፍት ናቸው። ደቡቡ በዚህ ወቅት የበረዶ ሸርተቴ ለሚወዱ ነው፤ ኩዊንስታውንና ዋናካ ዙሪያ የታወቁ የሸርተቴ ቦታዎች አሉ። ሸርተቴ ለማይሞክር ሰው ግን ሰኔ ላይ የቀኑ ብርሃን ዘጠኝ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ወደ ሚልፎርድ ሳውንድ የሚወስደው መንገድም ከግንቦት እስከ ኅዳር የበረዶ ናዳ ስለሚያሰጋው በድንገት ይዘጋል። የጎማ ሰንሰለት መያዝ ግዴታ የሚሆንባቸው ቀናትም አሉ።

ሰሜን፦ እሳተ ገሞራና ማኦሪ

የሰሜኑ ዋጋ ያለው ነገር ከሮቶሩዋ በታውፖ ሐይቅ አድርጎ እስከ ቶንጋሪሮ የተዘረጋው የእሳተ ገሞራ መስመር ነው። ሮቶሩዋ ከኦክላንድ ሦስት ሰዓት ያህል ይርቃል፤ ከተማዋ በድኝ ሽታ ታጥናለች፤ ሁለተኛው ቀን ላይ አፍንጫ ይለምደዋል። ፖሁቱ የተባለው ፍል ውሃ እስከ 30 ሜትር ይስፈነጠራል። እዚያው አካባቢ ዋይ ኦ ታፑ በተባለው ቦታ ያለው ሌዲ ኖክስ የተባለ ፍል ውሃ ደግሞ በየቀኑ ጠዋት በእነሱ ሰዓት 10፡15 ላይ ሳሙና ተጨምሮበት ነው የሚፈነዳው። በተፈጥሮ የሚፈነዳውን ማየት የሚፈልግ ሰው ገንዘቡን ለፖሁቱ ቢከፍል ይሻላል።

የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆነው ማኦሪ አብዛኛው የሚኖረውም በሰሜን ስለሆነ ባህሉን ለማየት ምርጫው ግልጽ ነው። በማራኤ፣ ማለትም በመሰብሰቢያ ግቢያቸው፣ እንግዳ ዝም ብሎ አይገባም፤ በር ላይ ቆሞ ሴቶች በዜማ እስኪጠሩት ይጠብቃል። አዳራሹ ውስጥ ጫማ ይወልቃል፤ ሰላምታው ግንባርና አፍንጫ ማነካካት ነው። ምግብ የሚቀርብበት ጠረጴዛ ላይ መቀመጥና ትራስ ላይ መቀመጥ ነውር ነው። ከምሽቱ ትርኢት ጋር የሚቀርበው ሃንጊ በጋለ ድንጋይ ጉድጓድ ውስጥ የበሰለ ሥጋና ሥራ ሥር ሲሆን ብዙ ጊዜ የአሳማ ሥጋ አለበት። ከአንድ ጉድጓድ አብሮ ስለሚወጣ እዚያው ደርሶ «የእኔን ለዩልኝ» ማለት አይሠራም፤ ቦታ ሲያስይዙ አሳማ እንደማይበሉ ወይም ጾመኛ እንደሆኑ በጽሑፍ ያሳውቁ።

ለእግር ጉዞ ሰሜኑን የሚያስመርጠው የቶንጋሪሮ ተሻጋሪ መንገድ ነው፦ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከ7 እስከ 8 ሰዓት፣ ከፍተኛው ቦታ ቀዩ ጉድጓድ የሚባለው የእሳተ ገሞራ አፍ፣ 1,886 ሜትር። ከአዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ከፍታው ትንፋሽ አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው ንፋሱ ነው። ጠዋት ሜዳው ላይ ፀሐይ አይቶ በጂንስና በሹራብ የወጣ ሰው ከላይ ጭጋግና ውርጭ ያገኘዋል። ንፋስና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት፣ ኮፍያና ቢያንስ ሁለት ሊትር ውሃ ይያዙ፤ መንገድ ላይ የሚጠጣ ውሃ የለም። ከቀዩ ጉድጓድ ወደ አረንጓዴዎቹ ሐይቆች ቁልቁል የሚወርደው ልቅ ጠጠር ብዙ ሰው የሚወድቅበት ቦታ ነው፤ ተረከዝ እየተከሉ በቀስታ ይውረዱ። መነሻና መድረሻው የተለያየ በመሆኑና በወቅቱ መነሻው ላይ ከአራት ሰዓት በላይ መኪና ማቆም ስለማይቻል ሰርቪስ ያስፈልጋል። መኪናዎን መጨረሻው በኩል አቁመው በሰርቪስ ወደ መነሻው የሚወስድዎትን ይምረጡ፤ ሲመለሱ የመጨረሻ መኪና ያመልጠኛል ብለው አይሮጡም። ቦታው ለማኦሪ የተቀደሰ ነው፤ ሰማያዊው ሐይቅ ውስጥ እጅ እንኳ አይነከርም። መሬቱን በ1887 ዓ.ም. (በፈረንጅ) ለአገር የሰጡት የአካባቢው ባላባት ሆሮኑኩ ቴ ሄውሄው ናቸው።

ደቡብ፦ ተራራ፣ በረዶና ዝናብ

የአገሪቱ ከፍተኛ ተራራ አኦራኪ (ማውንት ኩክ) 3,724 ሜትር ነው፤ ከራስ ዳሽን ያነሰ፣ ግን ወደ ደቡብ ዋልታ ስለሚጠጋ ዓመቱን ሙሉ በግግር በረዶ የተሸፈነ። ደቡቡን ልዩ የሚያደርገው ይህ በረዶ ለሺህ ዘመናት ጠርቦ ባሕር ያስገባባቸው ገደላማ ሸለቆዎች ናቸው፤ ሚልፎርድ ሳውንድ ዋነኛው ነው። እዚህ በዓመት ከ6 ሜትር በላይ ዝናብ ይዘንባል። ቋሚ ፏፏቴዎቹ ሁለት ብቻ ስለሆኑ ዝናብ ዘነበ ብለው ጉዞ አይሰርዙ፤ ዘንቦ ሲውል ከገደሉ ላይ የሚወርደው ውሃ አይቆጠርም።

የብዙዎች ስሕተት ከኩዊንስታውን በአንድ ቀን ደርሶ መመለስ ነው። መንገዱ መሄጃው ብቻ 288 ኪሎ ሜትር ሲሆን ከአራት ሰዓት አያንስም፤ አውቶቡሶቹም ሁሉ እኩለ ቀን ላይ አብረው ይደርሳሉ። መንገድ ላይ ባለችው ቴ አናው ከተማ ያድሩና ለቀሪው 120 ኪሎ ሜትር ገደማ በማለዳ ይነሡ፤ የጠዋቱ ጀልባ ጸጥ ያለ ነው። ነዳጅ ቴ አናው ላይ ይሙሉ፤ ከዚያ በኋላ ብዙው መንገድ ስልክ አይሠራበትም። ሆመር ዋሻ አካባቢ የሚያገኙት ኬያ የሚባል በቀቀን የመኪናውን ጎማ ዙሪያ ላስቲክ ይነቅላል፤ ምግብ ከሰጡት ጓደኞቹን ይዞ ይመጣል።

የሚልፎርድ የእግር መንገድ 53 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን አራት ቀን ይፈጃል። በወቅቱ፣ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ፣ በግላቸው የሚሄዱ 40 ሰዎች ብቻ በቀን ይነሣሉ፤ ቦታው የሚሸጠው ከወራት በፊት ሲሆን በተከፈተ በሰዓታት ያልቃል። ካመለጠዎት ሩትበርን (33 ኪሎ ሜትር ገደማ) እና ዞሮ መነሻው የሚገጥመው ኬፕለር (60 ኪሎ ሜትር) ከእሱ አያንሱም። በእኛ ግምት ኬፕለር ለብዙዎች የተሻለ ምርጫ ነው፤ ተነሥተው እዚያው ስለሚመለሱ የሰርቪስ ወጪ የለበትም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ፍራንዝ ጆሴፍና ፎክስ የተባሉት ግግር በረዶዎች በጣም ስለሸሹ በእግር ደርሶ መንካት ቀርቷል። በረዶው ላይ መቆም የሚቻለው በሄሊኮፕተር ነው፤ ሄሊኮፕተር ደግሞ ደመና ሲመጣ ይቀራል። ለዚህ ብቻ ወደ ምዕራቡ ዳርቻ የሚሄድ ሰው ሁለት ሌሊት ካልያዘ አይሂድ። ሳንድፍላይ የሚሉት ጥቁር ትንኝም እዚያ ነው ያለው፤ ቁርጭምጭሚትን ሸፍኑ።

መኪናው

ለሰሜን ተራ የቤንዚን መኪና ተከራይቶ ማደሪያ መያዝ ይበቃል፤ ከተሞቹ ቅርብ ለቅርብ ናቸው። ለደቡብ፣ በተለይ በበጋ ለሁለትና ለሦስት ሰው፣ የመኝታ መኪና ያዋጣል። ሲከራዩ ግን ቋሚ መጸዳጃ ያለውና አረንጓዴ የፈቃድ ወረቀት የተለጠፈበት መሆኑን ይዩ። እሱ ከሌለ ካምፕ ካልሆነ ቦታ ቢያድሩ ቅጣቱ 400 የኒው ዚላንድ ዶላር ነው፤ ቢኖርም «ማደር ክልክል» የሚል ምልክት ባለበት አይሠራም። ናፍጣ የሚጠጣ መኪና በየኪሎ ሜትሩ የመንገድ ክፍያ አለው፤ ከቤንዚን ጋር ዋጋ ሲያነጻጽሩ ይህን ይደምሩ። መድኑ ፒስታ መንገድን ይሸፍን እንደሆነም ውሉ ላይ ያንብቡ፤ ኩዊንስታውን አጠገብ ያለውን የስኪፐርስ መንገድ የኪራይ ድርጅቶች በስም ይከለክላሉ።

የሚነዳው በግራ ነው። አደጋው የሚመጣው ከነዳጅ ማደያ ሲወጡና ባዶ መንገድ ላይ ሲሆኑ ነው፤ እግርና እጅ ወደ ለመዱት ይመለሳሉ። አደባባይ ላይ ቅድሚያ ከቀኝ ለሚመጣው ነው። በአንድ መኪና ስፋት ድልድይ ላይ በእርስዎ በኩል ያለው ቀስት ቀይ ከሆነ ቆመው ያሳልፉ።

ወረቀትና ሻንጣ

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው፣ በባሕረ ሰላጤው ወይም በአሜሪካ የመኖሪያ ፈቃድ ቢኖረውም፣ ሙሉ የጎብኚ ቪዛ ያስፈልገዋል። ለአንድ ወር 1,000 የኒው ዚላንድ ዶላር፣ ማደሪያው ከተከፈለ ደግሞ 400 እንዳለው ማሳየት አለበት። የአሜሪካ፣ የእስራኤልና የአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች ፓስፖርት የያዘ በኢንተርኔት ፈቃድ ብቻ ይገባል። ሁለቱም ወገን 100 ዶላር የጎብኚ ቀረጥ ይከፍላሉ። በረራው በአውስትራሊያ በኩል ከሆነ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የትራንዚት ቪዛም ይጠየቃል።

ማር፣ ቋንጣና ቅቤ ቤት ይቅሩ። በርበሬና ሽሮ ከያዙ የመግቢያ ቅጹ ላይ ይመዝግቡ፤ ተመዝግቦ ቢከለከል ይወሰዳል እንጂ አይቀጡም፤ ሳይመዘገብ ከተገኘ 400 ዶላር እዚያው ይከፈላል። የእግር ጉዞ ጫማ ላይ የደረቀ ጭቃም ይመዘገባል፤ ሶሉን በብሩሽ አጥበው ይምጡ።

ሦስት ሳምንት ካለዎት

ያኔ ሁለቱንም ይያዙ፤ ግን በኦክላንድ ገብተው በክራይስትቸርች የሚወጣ ትኬት ይቁረጡ፤ ወደ ኋላ መንዳት ይቀርልዎታል። ከዌሊንግተን ወደ ፒክተን የሚሻገረው ጀልባ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ብዙ ኪራይ ድርጅቶች መኪናውን ዌሊንግተን ላይ ተረክበው ፒክተን ላይ ሌላ ይሰጣሉ፤ ለመኪና ማሻገሪያ ከመክፈል ይህ ይረክሳል። የመኝታ መኪና ከሆነ የጀልባውን ቦታ በመኪናው ትክክለኛ ርዝመት ያስይዙ፤ በግማሽ ሜትር አሳንሰው ቢያስመዘግቡ ወደቡ ላይ ያስጨምርዎታል ወይም ይመልስዎታል። ማዕበል ሲነሣ ጉዞው ስለሚሰረዝ የማይቀየር ቀጠሮ ያለበትን የሚልፎርድ መንገድ ከመሻገሪያው ቢያንስ ሦስት ቀን አርቀው ይያዙት።