የገዛሁት ሾትገን አልሆነኝም፦ ጋዝ፣ ኢነርሺያ፣ ፓምፕ ወይስ ድርብ አፈሙዝ?

ሁለተኛውን ዙር ሳልጨርስ ጉንጬ አብጦ ነበር። አዲሱ ሾትገን (በአንድ ተኩስ ብዙ ትናንሽ የርሳስ ፍሬ የሚበትን ጠመንጃ) ከሱቅ ከወጣ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው። የተኮስኩት 50 ጥይት ብቻ ነው። ከጉንጬ አጥንት በታች ያለው ሥጋ ቀልቶ ጠጥሯል፤ ትከሻዬ ላይ የሰደፉ ጠርዝ በሰማያዊ ታትሟል። ባለቤቴ ደንግጣ በረዶ በፎጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ። የበለጠ ያመመኝ ግን ውጤቱ ነው፦ ወደ አየር ከሚወነጨፉ 50 የሸክላ ሳህኖች የሰበርኩት 14 ብቻ። ባለፈው ወር በተዋስኩት የጓደኛዬ ጠመንጃ እዚያው ሜዳ ላይ 36 ሰብሬ ነበር።

ይህን የምጽፈው ቨርጂኒያና ሜሪላንድ አካባቢ ቅዳሜ ጠዋት ሸክላ መተኮስ የጀመሩ፣ መኸር ሲመጣም ወደ አደን የሚወጡ ሐበሾች ቁጥራቸው እየጨመረ ስለሆነና፣ አብዛኞቻችን የመጀመሪያውን መሣሪያ የምንገዛው እኔ በገዛሁበት መንገድ ስለሆነ ነው። ሱቅ ገብቼ ሦስት ጠመንጃ አነሳሁ፤ ከሦስቱ ላባ የሚያህለውን መረጥኩ። ሻጩ «ቀኑን ሙሉ ብትይዘው አይደክምህም» አለኝ፤ እውነቱን ነው፣ መያዙ አይደክምም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በሃያ ደቂቃ የገዛሁትን ለማስተካከል አራት ወር ፈጀብኝ። የፋብሪካውን ስም አልጠራም። ምክንያቱን መጨረሻ ላይ ታዩታላችሁ።

ሁለቱ ጠመንጃዎች ጎን ለጎን

የእኔው 12 ጌጅ (ጌጅ የአፈሙዝ ስፋት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አፈሙዙ ይሰፋል)፣ በኢነርሺያ የሚሠራ ሰሚ አውቶማቲክ (በየተኩሱ ራሱ የሚያቀባብል)፣ ክብደቱ 6.5 ፓውንድ (3 ኪሎ ግድም) ነው። የጓደኛዬ ደግሞ 12 ጌጅ፣ በጋዝ የሚሠራ ሰሚ አውቶማቲክ፣ 7.75 ፓውንድ (3.5 ኪሎ) ይመዝናል። ሁለታችንም የተኮስነው ከአንድ ካርቶን የወጣ፣ 32 ግራም ርሳስ የሚይዝ ጥይት ነው። ልዩነቱ ግማሽ ኪሎ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ግማሽ ኪሎ ምንም አይመስልም።

ነገር ግን ጥይቱ አንድ ከሆነ የርግጫው ጉልበት ጠመንጃው በቀለለ ቁጥር ይጨምራል። በሁለቱ ክብደት ብታሰሉት የእኔው ከጓደኛዬ ከ15 በመቶ በላይ በበለጠ ጉልበት ይመታል። ይህ በአንድ ጥይት ላይ ነው። አንድ ሙሉ የስፖርቲንግ ክሌይ (ከቦታ ቦታ እየተዘዋወሩ ሸክላ የሚተኮስበት) ውድድር 100 ሸክላ ነው፤ በዚያ ቀን ከአፈሙዛችሁ 3.2 ኪሎ ርሳስ ይወጣል፣ አጸፋውን የሚቀበለው ደግሞ ትከሻችሁ ነው። ቀላል ጠመንጃ የተሠራው ቀኑን ሙሉ ተራራ ለተራራ ተሸክሞ አምስት ጥይት ለሚተኩስ አዳኝ ነው። ሜዳ ላይ ቆሞ መቶ ለሚተኩስ ሰው ክብደት ጸጋ ነው።

ቀጥሎ አሠራሩ አለ። የጋዝ ጠመንጃ ከጥይቱ ጢስ ጥቂቱን በአፈሙዙ ሥር ባለ ቀዳዳ ስቦ ፒስተን ይገፋበታል፤ ርግጫው በአንዴ ከመምታት ይልቅ ረዘም ብሎ ይከፋፈላል። በ1963 የወጣው ሬሚንግተን 1100 ስሙን ያተረፈው በዚህ ልስላሴ ነው፤ ዛሬ የቤሬታ ኤ300 እና ኤ400 በዚያው መንገድ ይሠራሉ። ኢነርሺያ ግን ጋዝ አይነካም፤ ጠመንጃው ወደ ኋላ ሲረገጥ ውስጡ ያለ ስፕሪንግ ተጨምቆ ቃታውን ይመልሰዋል። መንገዱን ያስለመደው ቤኔሊ ነው፣ አሁን ብዙ ፋብሪካዎች ይሠሩበታል። ውስጡ ንጹሕ ሆኖ ይቆያል፣ ጭቃና ብርድ ይችላል፣ ዳክዬ አዳኞች የሚወዱት ለዚህ ነው። ዋጋው ግን ርግጫው ከጋዙ መጠንከሩ ነው፤ በጣም ለስላሳ ጥይትም አንዳንዴ አያቀባብልለትም። የጋዙ ዕዳ ደግሞ ጽዳት ነው፦ ጥቂት መቶ ጥይት ከተተኮሰ በኋላ ፒስተኑ ጥቀርሻ ይይዛል፣ ተፈትቶ ካልተወለወለ መንተፋተፍ ይጀምራል።

ለሸክላ ከሆነ ያለ ማመንታት ጋዝ እላለሁ። ለዳክዬና ለረግረግ ከሆነ ኢነርሺያ።

ከሁሉ በፊት ልክ

ክብደቱንና አሠራሩን አስተካክዬ ቢሆን እንኳ 14ቱ ሸክላ 36 አይሆኑም ነበር። ትልቁ ችግር ሰደፉ ለቁመቴ አለመሆኑ ነው።

አገር ቤት ጠመንጃ እያየ ያደገ ሰው የሚያውቀው ምንሽርና ውጅግራ ነው፦ አንድ ጥይት፣ አንድ ዒላማ፣ ትንፋሽ ዋጥ አድርጎ ማነጣጠር። ሾትገን እንደዚያ አይነጣጠርም። ከፊት ዶቃ አለው፣ ከኋላ ማነጣጠሪያ የለውም። የኋላ ማነጣጠሪያው ዐይናችሁ ነው፤ ዐይናችሁ የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው ደግሞ ሰደፉ ነው። ሰደፉ ለእናንተ ካልሆነ፣ በሄዳችሁበት ሁሉ የኋላ ማነጣጠሪያው የተጣመመ ጠመንጃ ይዛችሁ ትዞራላችሁ።

የፋብሪካ ሰደፍ ከምላጩ እስከ ጫፉ ብዙ ጊዜ ከ14 እስከ 14.5 ኢንች ነው። የእኔው 14.5 (36.8 ሳንቲ ሜትር) ነበር። ቁመቴ 1.66 ነው፤ በኋላ የለካኝ ጠመንጃ ሠሪ 13.75 ይበቃሃል አለኝ። ሰደፉ ሲረዝም ወደ ብብት ይሸሻል፣ አንገት ወደፊት ይሳባል፣ ጉንጭ እንጨቱ ላይ አያርፍም። በጉንጭና በእንጨት መካከል የቀረችው ክፍተት ናት ሲተኮስ ጡጫ የምትሆነው። እብጠቱ የመጣው ከዚያ ነው።

ሱቅ ውስጥ ሳላችሁ ይህን ሞክሩ። ሻጩ ፊት ጠመንጃው ባዶ መሆኑን በዐይንም በጣትም አረጋግጡ፤ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ ያዙ። አንድ ነጥብ ምረጡ፣ ዐይናችሁን ጨፍኑ፣ ጠመንጃውን ወደ ጉንጫችሁና ወደ ትከሻችሁ አምጡ፣ ከዚያ ዐይናችሁን ክፈቱ። ሳትንቀሳቀሱ የምታዩት ዶቃው በአፈሙዙ አናት ከተዘረጋው ዘንግ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ከሆነ ልካችሁ ቅርብ ነው። የምታዩት የጠመንጃውን ጀርባ ብቻ ከሆነ ጉንጭ የሚያርፍበት ቦታ ዝቅ ብሎባችኋል፣ ጥይታችሁ ታች ይወርዳል። ዘንጉ እንደ መንገድ ተዘርግቶ ከታያችሁ ከፍ ብሎባችኋል፣ ከዒላማው በላይ ትተኩሳላችሁ። ምላጩን የያዘው እጃችሁ አውራ ጣት ከአፍንጫችሁ ሁለት ጣት ያህል ይራቅ፤ ከነካ ሰደፉ አጥሯል። ይህን አምስት ጊዜ ደጋግሙት፣ በጃኬትም ያለ ጃኬትም። እኔ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ዐይኔን ሳልጨፍን ነበር ያነሳሁት። ዐይን ክፍት ከሆነ አንገት ራሱን አስተካክሎ ያታልላል።

ሌላ ያላጣራሁት ነገር የዐይን የበላይነት ነው። ሁለት እጃችሁን ዘርግታችሁ በመዳፎቻችሁ መካከል ትንሽ ቀዳዳ ሥሩ፣ በሁለት ዐይን የሩቅ ነገር እዩበት፣ ከዚያ አንድ አንድ ዐይን ጨፍኑ። ነገሩ ያልጠፋበት ዐይን የበላዩ ነው። በቀኝ ትከሻ የሚተኩስ ሰው የግራ ዐይኑ የበላይ ከሆነ፣ የትኛውንም ጠመንጃ ቢገዛ በመጀመሪያ ይህን ከአሠልጣኝ ጋር መፍታት አለበት።

ፓምፕ

ፓምፕ ከአፈሙዙ ሥር ያለውን መያዣ በእጅ እየሳቡ የሚያቀባብሉት ነው፤ በዋጋ ርካሽነት የሚያክለው የለም። ሬሚንግተን 870 ከ1950 ጀምሮ፣ ሞስበርግ 500 ከ1960ዎቹ ጀምሮ እየተሠሩ ነው፤ ሁለቱም በሚሊዮኖች ተሸጠዋል፣ መለዋወጫቸው የትም አይጠፋም። ከሁለቱ ለመምረጥ ጣታችሁን ጠይቁ። የሞስበርጉ ሴፍቲ (የተኩስ መቆለፊያ) ከላይ፣ አውራ ጣት የሚደርስበት ቦታ ላይ ነው፤ ለግራኝም ለቀኝም እኩል ይመቻል። የ870ው ሴፍቲ ከምላጩ ኋላ በጎን የሚገፋ ነው፣ ግራኝ ሰው ይቸገርበታል። የቃታ ማስለቀቂያው ደግሞ በ870 ከምላጩ ፊት፣ በሞስበርግ ከምላጩ ኋላ ነው።

ፓምፕን ለሸክላ የምትፈልጉት ከሆነ ግን አስቡበት። ርግጫውን የሚያለዝብለት ነገር የለም፤ ስኪት (ሸክላ ከግራና ከቀኝ የሚወጣበት ጨዋታ) ላይ ሁለት ሸክላ በአንድ ላይ ሲወጣ በመካከሉ ማቀባበል አለባችሁ፣ ጀማሪ ሲደነግጥ እስከ መጨረሻው አይስበውም። ለቤት ጥበቃ ተብሎ የሚሸጠው ባለ 18.5 ኢንች አጭር ፓምፕ ለሸክላ ፈጽሞ አይሆንም። አፈሙዙ አጭር ስለሆነ በዒላማው ፊት ይንቀዠቀዣል፣ ሲወዛወዝ ይቆማል። ሁለቱን ሥራ በአንዱ ልሠራ የሚል ብዙ ሰው አይቻለሁ፤ ሁሉም በዓመቱ ሁለተኛ ገዝቷል።

ድርብ አፈሙዝ

አንዱ አፈሙዝ ከሌላው በላይ የተደረደረበት ጠመንጃ ሜዳ ላይ ንጉሥ ነው። ሲከፈት ባዶ መሆኑ ለሁሉም ይታያል፣ ቀለሁ መሬት ላይ አይበተንም፣ ለሁለቱ ጥይት ሁለት የተለያየ ቾክ (የርሳሱን ስርጭት የሚወስን የአፈሙዝ ጫፍ ጥበት) ማድረግ ይቻላል። ብራውኒንግ ሲቶሪ ከ1973 ጀምሮ ጃፓን ውስጥ በሚሮኩ ፋብሪካ የሚሠራ ነው፤ ጠንከር፣ ከበድ ይላል። የቤሬታ 686 ቀለል፣ ቀጠን ያለ ነው፣ እጁ ትንሽ የሆነ ሰው ይወደዋል። አዲስ ከሆኑ ሁለቱም ከ2,000 ዶላር በላይ ናቸው። ከዚህ በጣም ርካሽ የሆነ አዲስ ድርብ አፈሙዝ ካያችሁ፣ በዚያው ገንዘብ ጥሩ የጋዝ ጠመንጃ ብትገዙ ይሻላችኋል የሚል እምነት አለኝ፤ ርግጫውም ያንሳል።

12 ወይስ 20 ጌጅ

«ለሴት ወይም ለልጅ 20 ጌጅ ስጡ» የሚለው ምክር ግማሽ እውነት ነው። ጥይቱ ያነሰ ርሳስ ይዟል፣ ብዙውን ጊዜ 25 ግራም። ነገር ግን 20 ጌጅ ጠመንጃ ራሱ ቀላል ስለሚሆን ርግጫው የተባለውን ያህል አይቀንስም። 3.5 ኪሎ የሚመዝን የጋዝ 12 ጌጅ በ25 ግራም ጥይት ቢተኮስ ከቀላል 20 ጌጅ ይለሰልሳል፤ ባለቤቴ አሁን የምትተኩሰው በዚህ ነው።

ሁለቱም ጌጅ ቤት ውስጥ ካለ አንድ ነገር አጥብቃችሁ ጠብቁ። የ20 ጌጅ ጥይት ቢጫ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፦ በስህተት 12 ጌጅ ውስጥ ከገባ አፈሙዙ መካከል ይሰነቀራል፣ ከኋላው 12 ጌጅ ጥይት ተጨምሮ ከተተኮሰ ጠመንጃው እጅ ላይ ይፈነዳል። በአንድ ኪስ አትቀላቅሏቸው።

ከመግዛታችሁ በፊት፣ ከገዛችሁም በኋላ

መጀመሪያ ሜዳ ሂዱ። በሰሜን ቨርጂኒያ ሴንተርቪል ቡል ራን አለ፤ በሜሪላንድ ግሌን ዴል የፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ የትራፕና ስኪት ማዕከል አለ። ብዙ ሜዳዎች ጠመንጃ ያከራያሉ፣ ደውላችሁ ጠይቁ። ካልተከራየም ሰው ጠይቁ፤ ሸክላ ተኳሽ ጠመንጃውን ለማስሞከር ሲሰስት አላየሁም።

አንዴ ወረቀቱ ተፈርሞ ከሱቅ ከወጣ መልሶ የሚቀበል ሱቅ ብርቅ ነው፤ «ያገለገለ» ይሆናል። ስለ ወረቀቱ ካነሳን፣ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሾትገን መግዛት ይችላል፣ ፈቃድ ካለው ሻጭ ዕድሜው 18 ከሞላ። በተማሪ ወይም በጎብኝ ቪዛ ያለ ሰው ግን በመሠረቱ አይፈቀድለትም፤ የአደን ፈቃድ መያዝን የመሰሉ ጠባብ ልዩ ሁኔታዎች ብቻ ናቸው ያሉት። ሲገዛ የሚሞላው የፌዴራል ቅጽ 4473 «ትክክለኛው ገዢ አንተ ነህ?» ብሎ ይጠይቃል። «ለወንድሜ በእኔ ስም ላውጣለት» ማለት የፌዴራል ወንጀል ነው፣ ከዚያም አልፎ የስደተኛ ወረቀትን ያበላሻል። እባካችሁ ለማንም ሰው እንዳታደርጉት።

ገዝታችሁ ከተጸጸታችሁ በርካሹ ጀምሩ። ጥይቱን ወደ 28 ወይም ወደ 25 ግራም አውርዱ። ብዙ ሰሚ አውቶማቲክ ጠመንጃዎች ሰደፉን ከፍና ዝቅ፣ ግራና ቀኝ የሚያደርጉ ስስ ቁርጥራጮች ከካርቶናቸው ጋር ይመጣሉ፤ የእኔው ሳይከፈት ሁለት ወር ተቀምጧል። ከዚያ በ16 ያርድ ትልቅ ወረቀት ስቀሉ፣ መካከሉን አይታችሁ ሳታነጣጥሩ በፍጥነት አምስቴ ተኩሱ። የእርሳሱ እምብርት ከመካከሉ አንድ ኢንች በራቀ ቁጥር ሰደፉ አንድ አሥራ ስድስተኛ ኢንች መስተካከል ይፈልጋል። የእኔው አራት ኢንች ወደ ላይና ሁለት ወደ ግራ ነበር።

ቁርጥራጮቹን ቀያየርኩ፣ ወደ መካከል መጣ። ርዝመቱ ግን አለ፣ ክብደቱም አለ። ጠመንጃ ሠሪው ሰደፉን ሊቆርጥልኝ ሲነሳ ቆም ብዬ አሰብኩና ተውኩት። በስቴቱ ሕግ መሠረት ፈቃድ ባለው ሻጭ በኩል፣ ከገዛሁበት አንድ አራተኛ ያህል ከስሬ ሸጥኩት፤ በገንዘቡ ላይ ትንሽ ጨምሬ ያገለገለ የጋዝ ጠመንጃ ገዛሁ፣ 28 ኢንች አፈሙዝ፣ ሰደፉ 13.75።

የእኔን የገዛው ወደ 1.90 የሚጠጋ ረጅም ሰው ነው፤ ለፌዛንት (ቆቅ መሰል ወፍ) አደን ፈልጎት ነበር። ከመግዛቱ በፊት ሜዳ ላይ ሰጠሁት። ገና ሲያነሳው ሰደፉ ጉንጩ ሥር ገብቶ ተቀመጠ፣ አንገቱ አልተጎተተም። በአንድ ዙር ስኪት ከ25 ሸክላ 22 ሰበረበት፣ ትከሻውን እንኳ አላሻሸም።