አሮጌ ሴሊካ ለድሬ ሙቀት፦ ካርቡሬተሩን ማደስ፣ ዌበር መግዛት ወይስ ኢንጀክሽን መግጠም?

ድሬ ላይ የድሮ ቶዮታ ሴሊካ የያዘ ሰው መኪናው በሙቀት አልነሳም ሲለው መጀመሪያ የሚረግመው ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር ነው። ከዚያ ምክሩ ይዘንባል። አንዱ "አሳድሰው" ይላል። ሌላው "ዌበር ግዛና ተገላገል" ይላል፤ ዌበር ሌላ የካርቡሬተር ምርት ነው። ሦስተኛው ዩቲዩብ ላይ ያየውን ይዞ ኢንጀክሽን (ቤንዚኑን በግፊት የሚረጭ ዘዴ) ካላስገጠምክ ብሎ ድርቅ ይላል። ሦስቱም ያዋጣሉ፤ ግን ለተለያየ ሰው ነው። የድሬ ሰው አንቱታ አይሆንለትምና "አንተ" እያልኩ ልቀጥል።

የማወራው እ.ኤ.አ. በ1970 መጨረሻ ገበያ ስለወጣው የመጀመሪያው ሴሊካ ነው። 2ቲ ሞተር፣ 1588 ሲሲ፣ ባለ ሁለት ጉሮሮ አይሳን ካርቡሬተር ያለው። በዚሁ ሞተር የሚሄድ ካሪና ወይም ኮሮላ ላለውም ነገሩ ያው ነው። መኪናህ ባለ ሁለት ካም 2ቲ-ጂ ሞተርና ሁለት ሶሌክስ ካርቡሬተር ካለው ግን ዕድለኛ ነህ። ሶሌክሶቹን ለማንም አታስነካ፤ ይህንንም ጽሑፍ እለፈው።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የቤንዚን አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ተከልክሏል። ስለዚህ ዕቃ የሚፈታበት ሌላ ሴሊካ ይመጣል ብለህ አትጠብቅ። ዛሬ አውጥተህ የምትጥለው ካርቡሬተር ነገ የምትፈልገው ሊሆን ይችላል።

ብር ከማውጣትህ በፊት

ድሬ ላይ በጣም የተለመደውን ችግር እንውሰድ። ከከዚራ ተነስተህ ሳቢያን ደረስክ፣ መኪናዋን አጥፍተህ ሻይ ጠጣህ፣ ስትመለስ ሞተሩ ይዞራል እንጂ አይነሳም። ኮፋኖውን ክፈትና መስመሩ ላይ ያለውን የቤንዚን ፊልትሮ ተመልከት። ከሌለህ ውስጡን የሚያሳየውን ዓይነት ግዛ፤ ከሁሉም ርካሹ ማሻሻያ እሱ ነው። ፊልትሮው ባዶ ከሆነ ወይም አረፋ ብቻ የሚንጎዳጎድበት ከሆነ ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ ፈልቶ ተንኗል ማለት ነው። ፊልትሮው ሙሉ ሆኖ ሞተሩ አካባቢ ቤንዚን ከሸተተህ ደግሞ ነገሩ ተቃራኒው ነው። ካርቡሬተሩ ውስጥ የፈላው ቤንዚን ሞልቶ ወደ ሞተሩ ፈስሷል። ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ረግጠህ ያዝና አስነሳ። ጥቁር ጭስ ተፍቶ ከተነሳ ምርመራህ ልክ ነው።

ሁለቱም በሽታ አዲስ ካርቡሬተር በመግዛት ብቻ አይድንም። ዌበሩም የሚቀመጠው ያው የጋለ ማኒፎልድ (ድብልቁን ወደ ሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው ቧንቧ) ላይ ነው። መድኃኒቱ ካርቡሬተሩና ማኒፎልዱ መካከል ሙቀት የማያሳልፍ ወፍራም ማረፊያ ማስገባት፣ የቤንዚን ቱቦውን ከሞተሩ ማራቅና በካርቡሬተሩ ውስጥ የቤንዚኑን ከፍታ የሚቆጣጠረውን ተንሳፋፊ ልክ ማስተካከል ነው።

ቀጥሎ እሳቱ። ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ የሚከፈተውና የሚዘጋው ፑንቲና ክፍተቱ 0.45 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ያረጀ ቦቢና (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠው ጥቅልል) ሲግል እሳቱ ይደክማል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ባለቤቱ ደግሞ "ካርቡሬተሩ ነው" ይላል። አንድ ካንዴላ ከነገመዱ ፍታ፣ በፕላስቲክ እጀታ ፒንሳ ያዘው፣ ከቤንዚን ራቅ አድርገህ ሞተሩ ብረት ላይ አስደግፈውና ሰው ቁልፉን ያስመታልህ። ሰማያዊና የሚሰነጥቅ እሳት ጤነኛ ነው። ቢጫና ቀጭን ከሆነ ካርቡሬተሩን ተወው።

ሦስተኛው ምርመራ የብዙ መካኒክ ስህተት ያለበት ነው። የሞተሩን የመሳብ ኃይል የሚለካውን ቫኪዩም ጌጅ ስትገጥም ጤነኛ ሞተር ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ በዝግታ ሲዞር) ከ18 እስከ 20 ኢንች ያሳያል ይላል መጽሐፉ። ያ ግን ባሕር ጠረፍ ላይ ነው። በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ኢንች ገደማ ይቀንሳል። ድሬ 1200 ሜትር ያህል ላይ ናት፤ ስለዚህ 15 ኢንች ስታነብ ሞተርህ ደህና ነው። ሐረር ላይ 13 ቢያነብም አትደንግጥ። ይህን ሳያውቁ "ፋሻው አልቋል" ብለው ሞተር ያስወረዱ አሉ። ከቁጥሩ ይልቅ መርፌውን እየው። ጸጥ ብሎ ከቆመ ጥሩ፤ ከተንቀጠቀጠ ወይም እየወደቀ ከተነሳ ችግር አለ።

ማደስ

ርካሹ መንገድ ነው። የማደሻ ዕቃው ጋስኬቶች፣ የተንሳፋፊው መርፌና የነዳጅ መርጫው ላስቲክ ናቸው። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሰው ካለህ ይገኛል። ካቻቪቴ፣ ንጹሕ ጠረጴዛና ትዕግሥት ያለው ሰው ቤቱ ይሠራዋል። እየፈታህ በስልክህ ፎቶ አንሳ። ጄት የሚባሉትን ባለ ቀዳዳ ብሎኖች በሽቦ አትጎርጉር። ቀዳዳው በትንሹ ከሰፋ ልኩ ጠፋ፤ በአየር ንፋው።

ማደሻው የማያድነው አንድ ነገር አለ፤ እሱም አየሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው የቢራቢሮው ዘንግ ነው። በጣትህ ይዘህ ወደ ጎን ነቅንቀው። ከተንቀሳቀሰ በዚያ ያልተለካ አየር ይገባል፣ ሚኒሞውም መቼም አይስተካከልም። ይህ የቶርኖ ቤት ሥራ ነው፤ ቀዳዳው ሰፍቶ ቡሽ ይገባለታል። ድሬ በባቡር ወርክሾፕ ያደገች ከተማ ናት፣ ቶርኖ የሚያውቅ እጅ አታጣም። ሐረር ከሆንክ ደግሞ የፔጆ 404 ታክሲ ሾፌር ዘንድ ሂድና ካርቡሬተሩን የሚሠራለትን ሰው ጠይቅ። እነዚያን መኪኖች ዛሬም በመንገድ ላይ ያቆየ ሰው ላንተ ሴሊካ አያንስም።

ዌበር 32/36

ቁጥሩ የሁለቱ ጉሮሮ ስፋት ነው። መጀመሪያ 32ቱ ይከፈታል፣ ስትረግጥ 36ቱ ይከተላል። ለመንዳት ደስ ይላል፣ ጄቶቹም በቀላሉ ይቀየራሉ። ይህ ከአይሳን ይበልጣል። ግን ዌበር ስትገዛ ካርቡሬተር ብቻ አይደለም የምትገዛው። ማገጣጠሚያ ሳህን፣ የነዳጅ መስጫ ገመድ ማያያዣና ሌላ የአየር ፊልትሮ ይፈልጋል። የቤንዚን ግፊቱም 3 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) አካባቢ መሆን አለበት። ፓምፑ ከዚያ ብዙ ከገፋ መርፌውን አልፎ ያጥለቀልቃል። ቾኩ በኤሌክትሪክም በእጅም የሚሠራ አለ። በእጅ የሚሳበውን ውሰድ። ድሬ ላይ ቾክ እንደ ካፖርት ነው፣ በዓመት ስንት ቀን ትለብሰዋለህ?

አስመስለው የሠሩት ስለበዛ ተጠንቀቅ። እውነተኛው ዌበር ቀድሞ ጣሊያን፣ አሁን ስፔን ነው የሚመረተው፤ አካሉ ላይ ተቀርጿል። በቅጂዎቹ ላይ ጄቱ ላይ የተጻፈው ቁጥርና ቀዳዳው ሁልጊዜ አይገናኙም። እዚህ ደግሞ ጄት መቀየርህ አይቀርም፤ ምክንያቱም ከፋብሪካ የሚመጣው ለዝቅተኛ ቦታ ተለክቶ ነው። ዋናውን ጄት አንድ ደረጃ ማሳነስ ጥሩ መነሻ ነው። ከዚያ ካንዴላውን እያየህ ቀጥል። ጥቁርና ጥላሸታም ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፤ ነጭ ከሆነ አንሷል። ነጩ የባሰ ነው፣ ቫልቭ ያቃጥላል።

"ደንገጎን ስወጣ ካርቡሬተሩ ያስቸግረኛል" የሚል ብዙ ሰው አለ፤ ወደ ሐረር የሚያስወጣውን ዳገት ማለቱ ነው። ከድሬ እስከ ሐረር ከፍታው 700 ሜትር ያህል ይጨምራል፣ አየሩም በዚያ ብቻ 7 ከመቶ ያህል ይሳሳል። የድሬ ሙቀት ግን ድሬ ላይም አየሩን ስለሚያሳሳው ልዩነቱ ይጠባል። እውነት ለመናገር አንድ ጄት ለሁለቱም ከተማ ይበቃል። ዳገቱ ላይ የሚያስቸግርህ ሙቀት ነው። በሁለተኛ ማርሽ ረጅም ዳገት፣ አየሩ ራዲያተሩን በደንብ አይመታም። መጀመሪያ የራዲያተሩን ክዳን ቀይር። ድሬ ላይ ውሃ 96 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፣ ሐረር ላይ 94 አካባቢ። 0.9 ባር ግፊት የሚይዝ ጤነኛ ክዳን ይህን ወደ 115 ያደርሰዋል። ክዳኑ የላላ ከሆነ ዌበርም አያወጣህም። ራዲያተሩ ውስጥ የቧንቧ ውሃ አታድርግ። ጀበናህ ውስጥ የምታየው ነጭ ቅርፊት እዚያም ይጋገራል። የመዳብ ራዲያተር ካለህ ጠብቀው። ቢያፈስ እዚሁ ይበየዳል፤ የአሉሚኒየሙን የሚበይድልህ ሰው ማግኘት ይከብዳል።

ኢንጀክሽን

በካርቡሬተሩ ቦታ የሚቀመጥ፣ ራሱን የሚያስተካክል ዓይነት አለ። ጥቅሙ እውነተኛ ነው። ከፍታም ሙቀትም ቢቀየር ይለካል፣ ያስተካክላል። ፓምፑ ታንከሩ አጠገብ ስለሚሆንና ቤንዚኑ በ3 እና 4 ባር መካከል ስለሚገፋ ቱቦ ውስጥ የመፍላቱ ችግርም ይቀንሳል። የካርቡሬተሩ ግፊት በዚህ ሚዛን 0.2 ባር ብቻ ነው።

ዋጋው ግን ዕቃው ላይ አያበቃም። ወደ ታንከር የሚመለስ ቱቦ፣ ግፊት የሚችሉ ላስቲኮችና የጭስ ማውጫው ቱቦ ላይ የሚበየድ የኦክስጅን ሴንሰር ያስፈልጋል። የ50 ዓመት ሽቦና ደካማ ዲናሞ ከሆነ እነሱም ይቀየራሉ። ታንከሩ ዝገት ካለው ፓምፑን ይበላዋል፤ መጀመሪያ ታጥቦ መድረቅ አለበት። ሁሉም በዶላር ነው የሚመጣው፤ ከሐምሌ 2016 በኋላ ዶላሩ ምን እንደሆነ ታውቃለህ። ደንገጎ ላይ ሴንሰር ቢሞት ደግሞ በካቻቪቴ የምታደርገው የለም።

እኔ ብሆን

አይሳኑ አካሉ ካልተሰነጠቀ አሳድሰዋለሁ። የተረፈውን ብር ፑንቲናውን በኤሌክትሮኒክ መተካት ላይ አውለዋለሁ። ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ሞጁል አለ፤ አለበለዚያ የኋለኛው 3ቲ ሞተር ዲስትሪቢዩተር ከተገኘ ይገባል። ሞጁሉን ስትገዛ የቦቢናህ ኦም ከሚጠይቀው ጋር መግጠሙን አረጋግጥ። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ከፍተህ ሬዲዮ አትስማ፣ ያቃጥለዋል። የድሮውን ፑንቲና ከኮንደንሰሩ ጋር አትጣል፣ ዳሽቦርድ ውስጥ አስቀምጠው።

ዌበርን የምመክረው የአይሳኑ አካል ለሞተበትና ከድሬ ብዙ ለማይርቅ ሰው ነው። ኢንጀክሽን መኪናዋን በየቀኑ ለሚነዳ፣ ሽቦ ለማያስፈራውና ገንዘቡ ለማይገደው ነው። ዌበር የሚሸጥልህን ሰው ሦስት ነገር ጠይቅ፦ ሳህኑ ለ2ቲ ነው ወይስ ለሌላ ሞተር? ጄቶቹ ስንት ቁጥር ናቸው? ትርፍ ጄት አብሮ ይሰጣል? ሦስቱን መመለስ ካልቻለ ሌላ ሻጭ ፈልግ።