የአባታችንን ቤት የሽያጭ ሰነድ ላዘጋጁልን ጠበቃ የቀረበ ምስጋና

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው እዚሁ ጎንደር ከተማ የቤት ሽያጭ ሰነዳችንን አዘጋጅተው ለፍጻሜ ያበቁልንን አንዲት ጠበቃ በእናቴና በወንድሞቼ ስም ለማመስገን ነው። ቤት ለመሸጥ አስባችሁ የሰነድ ማዘጋጃው ወጪ የት ይደርስ ይሆን ብላችሁ ለተጨነቃችሁ የከተማችን ልጆችም ጥቆማ እንዲሆን እፈልጋለሁ። ስማቸውን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለጠየቁኝ ቃሌን አከብራለሁ፤ በውስጥ መስመር ለሚጽፍልኝ ሰው ግን አድራሻቸውን በደስታ እሰጣለሁ።

የሸጥነው አዘዞ የሚገኘውን፣ በአባታችን ስም የነበረውን የመኖሪያ ቤታችንን ነው። አባታችን ካረፈ በኋላ እናታችን ብቻዋን መኖር ስለከበዳት ማራኪ ካለችው እህቴ ዘንድ እንድትጠቃለል ተስማማን። ገዥ ለማግኘት አልተቸገርንም፤ ያስለቀሰን ወረቀቱ ነው። መጀመሪያ የሄድንበት ሰው «እኔ ጨርሼ አስረክባችኋለሁ» ብሎ ከሽያጩ ዋጋ ላይ በመቶኛ የሚታሰብ ክፍያ ጠየቀን፤ ቅድሚያውንም ያለ ደረሰኝ ተቀበለን። ከዚያ በኋላ በሄድን ቁጥር አዲስ ስም ያለው ክፍያ ይጠብቀን ነበር፤ አንድ ቀን የፋይል ማስወጫ፣ ሌላ ቀን የማስፈረሚያ፣ ደግሞ ሌላ ቀን የማፋጠኛ። ለምን እንደሆነ ስንጠይቀው «ሕጉ ነው» ከማለት በቀር መልስ አልነበረውም። የቤቱን ዋና ካርታ እጁ ላይ አስቀርቶ ስለነበር ትተነው መሄድ እንኳ አልቻልንም። እናቴ ማታ ማታ «ቤቱ ሳይሸጥ ገንዘቡ አለቀ ማለት ነው?» ስትለኝ የምመልስላት ይጠፋኝ ነበር። ካርታው የተመለሰልን የዕድራችን ሽማግሌዎች ገብተውበት ነው፤ ገንዘቡ ግን እዚያው ቀረ። በአባት ሐዘን ላይ ያለን ቤተሰብ እንዲህ ማንገላታት ምን ያህል ጭካኔ እንደሆነ ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

ወደ ጠበቃዋ የመራችን አንዲት ጎረቤታችን ነች። ገና ጉዳያችንን ሰምተው እንደጨረሱ አንድ ነጭ ወረቀት አወጡና መሐሉን በመስመር ከፈሉት። በአንዱ ወገን የእርሳቸውን የድካም ዋጋ፣ በሌላው ወገን ለመንግሥት በደረሰኝ የሚከፈለውን ጻፉ፤ ከሥሩም የትኛው የሻጭ፣ የትኛው የገዥ እንደሆነ ለዩልን። ከዚህ ቀደም ከእኛ ሊወሰድ የነበረው የስም ማዛወሪያ የቴምብር ቀረጥ፣ ማለትም በ1990 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ 2 በመቶ ተብሎ የተደነገገው፣ በልማድም በሕግም ስሙ የሚዞርለት ገዥ የሚከፍለው መሆኑን የተረዳነው ያን ጊዜ ነው። የራሳቸው ክፍያ ደግሞ ቁርጥ ነበር፤ ለመጀመሪያው ሰው በቅድሚያ ከሰጠነው ያንስ ነበር። ከቤቱ ዋጋ ላይ በመቶኛ የማይጠይቁት ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «የርካሽ ቤት ውልም የውድ ቤት ውልም የሚጻፍበት ድካም ያው ነው» አሉኝ። እስከ መጨረሻውም ከዚያች ወረቀት ውጪ አንዲት ብር አልጠየቁንም።

ቀድሞ የተጻፈልንን ረቂቅ ሲያነቡት እስክሪብቷቸውን አንስተው ሁለት ቦታ አሰመሩ። ረቂቁ «ቦታውን ከነቤቱ ሸጫለሁ» ይል ነበር። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ የሚሸጠው ቤቱ ብቻ መሆኑን፣ ውሉ በዚህ አጻጻፍ ቢፈረም ኋላ መከራከሪያ ሊሆንብን እንደሚችል አስረዱን። ሁለተኛው እናቴን ከወራሾች አንዷ አድርጎ የጻፈው ነው። እርሳቸው ግን ቤቱ በትዳር ውስጥ የተፈራ ስለሆነ ግማሹ ከመጀመሪያውም የእናቴ የራሷ መሆኑን፣ ለእኛ ለልጆቹ በውርስ የሚተላለፈው የአባታችን ግማሽ ብቻ መሆኑን ነግረው በዚያው መልክ አስተካከሉት። ከወራሽነት ማረጋገጫው ጀምሮ ውጭ አገር ያለው ወንድሜ በኤምባሲ በኩል እስከላከው ውክልና ድረስ ያለውን ሌላውን ሂደት እኔ በቅጡ አልተረዳሁትም፤ እርሳቸው ግን አንዱም ወረቀት ሳይመለስባቸው አስጨረሱት።

ከሁሉ በላይ የማልረሳላቸው ለእናቴ ያደረጉትን ነው። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ያ ሰው እዚያው ቢሮው ውስጥ ወረቀቱን አጣጥፎ የአውራ ጣት አሻራዋን ሊቀበላት ነበር። ጠበቃዋ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ተለዋወጠ፤ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው የጣት አሻራ በሥልጣን ባለው ሹም ፊት ካልተረጋገጠ በቀር እንደማያስገድደው ነገሩን። ከዚያም ወንበራቸውን ከእናቴ ወንበር ጎን አምጥተው ውሉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ብለው አነበቡላት። በየአንቀጹ ቆም እያሉ «እማማ፣ ይህ የእርስዎ ፈቃድ ነው?» ይሏታል፤ እናቴም የገባትን በራሷ ቃል መልሳ ትነግራቸዋለች። የቤቱ ዋጋ የተጻፈበት ላይ ሲደርሱ እንደገና አስደገሟት። እኛን ልጆቿን ወደ ውጭ አስወጥተውም ብቻዋን አነጋገሯት፤ ማንም አስገድዷት እንዳይሆን ማረጋገጥ ፈልገው ነው። እናቴ ስትወጣ «ልጄ ብትሆን ከዚህ በላይ አታደርግልኝም» አለች። ውልና ማስረጃ በቀረብንበት ዕለትም አብረዋት ቆመው ነበር፤ ለዚህ ተብሎ የተጠየቅነው ተጨማሪ ክፍያም የለም።

ስለዚህ በጎንደርና በአካባቢዋ ቤት የምትሸጡ ወገኖቼ፣ በተለይ አረጋውያን ወላጆች ያሏችሁና የውርስ ቤት የያዛችሁ፣ ወደ እኒህ ጠበቃ እንድትሄዱ አጥብቄ እመክራችኋለሁ። ደግሜ እላለሁ፣ ሳትንገላቱ በቀጥታ ወደ እርሳቸው ሂዱ። ወደ ሌላ ባለሙያ የምትሄዱም ብትሆኑ ክፍያው ሁሉ ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ፣ የመንግሥቱና የባለሙያው ተለይቶ እንዲቀመጥላችሁ ጠይቁ።

ክብርት ጠበቃችን፣ ለእናታችን ስላሳዩዋት አክብሮት እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን፤ ልጆችዎን ያሳድግልዎት። ቢሯቸው ፒያሳ አካባቢ ነው። ስትሄዱ ካርታውን፣ የቤት ግብር የከፈላችሁበትን ደረሰኝ፣ መታወቂያችሁንና የጋብቻ ወይም ያላገባ ማስረጃችሁን ያዙ፤ ዋናውን አይተው እዚያው ይመልሱላችኋል፣ እርሳቸው ዘንድ የሚቀረው ኮፒው ብቻ ነው።